የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከባሱ በታች የሚዘምሩት ኦክታቪስቶች

ባለፈው እትም ስለ ሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ሙዚቃ አጠር ያለ ጽሑፍ አውጥተን ነበር። በጽሑፉ ውስጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፍናቸው ኦክታቪስቶች፣ ማለትም ከባሱ (ከዝቅተኛው የወንድ ድምፅ) አንድ ኦክታቭ፣ ስምንት ኖታ፣ ዝቅ ብለው የሚዘምሩት ሰዎች፣ ከቀረው ሁሉ ይልቅ የአንባቢን ጆሮ ስበዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን እነሆ መልሱን። ኖታዎችን በፊደልና በቁጥር ጠርተናል፤ በፒያኖው መካከል ያለው ሲ «ሲ4» ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወርዳል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦክታቪስት ሲባል በጣም ጎርናና ድምፅ ያለው ባስ ማለት ነው ወይስ ራሱን የቻለ ሌላ ክፍል? እስከ የትኛው ኖታስ ይወርዳል? (የሙዚቃ መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

ድምፁ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ «ኦክታቪስት» ግን የሥራው ስም ነው። አቀናባሪው ለሁለተኛ ባስ የጻፈውን መስመር አንድ ኦክታቭ አውርዶ የሚዘምር ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ለብቻው የተጻፈ ኖታ የለውም። የባሱን ወረቀት ይዞ ያነባል፤ የት እንደሚወርድ፣ የት ከባሶቹ ጋር እንደሚቆይ፣ የት ጨርሶ ዝም እንደሚል ከመዘምራኑ መሪ ጋር ይነጋገራል።

በቁጥር እንየው። ለተራ ባስ ድንበሩ ኢ2 ነው፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ፣ 82 ሄርትዝ ገደማ (በሰከንድ 82 ርግብግብታ)። ጥሩ ባስ ሲ2ን (65 ሄርትዝ) ይደርስበታል። የኦክታቪስቱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው፦ ቢ ፍላት 1 (58 ሄርትዝ)፣ ኤ1 (55)፣ ጂ1 (49)። ኤ1 በቤዝ ጊታር ላይ ከታች ሁለተኛው ክር ክፍቱን ሲመታ የሚወጣው ነው። ፓቬል ቼስኖኮቭ (1877–1944) ከመዝሙረ ዳዊት «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ» በሚለው ቃል ላይ ለአንድ ኦክታቪስትና ለመዘምራን የጻፈው ሥራ እስከ ጂ1 ይወርዳል። ፖላንዳዊው ፔንደሬትስኪ ደግሞ በስላቮንኛ፣ በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ቋንቋ፣ ቃል ባቀናበረው የኪሩቤል መዝሙር ላይ ኤፍ1ን (44 ሄርትዝ ገደማ) ጠይቋል። ኤፍ1ን ከአየር ሹክሹክታ ለይቶ በትክክል የሚያወጣ ሰው ጥቂት ነው።

መምህር እንደመሆንዎ ለተማሪዎችዎ የሚጠቅም አንድ ነገር እንጨምር። ኦክታቪስት የባሱን መስመር በሙሉ አያወርድም። የሚወርደው በዝግታ በሚሄዱ ቦታዎች፣ በሐረግ መዝጊያዎችና ረጅም በሚያዙ ኮርዶች (አብረው በሚሰሙ ኖታዎች) ላይ ነው። የሚመርጠውም የኮርዱን መሠረት፣ ቢበዛ አምስተኛውን ነው። ምክንያቱን ለማየት ኤ1ን እንውሰድ። አንድ ሰው 55 ሄርትዝ ሲዘምር ከጉሮሮው የሚወጣው 55 ብቻ አይደለም፤ 110፣ 165፣ 220፣ 275፣ 330 እያለ ይቀጥላል፤ እነዚህ ተከታይ ድምፆች ሃርሞኒክ ይባላሉ። እነዚህ በቅደም ተከተል ኤ2፣ ኢ3፣ ኤ3፣ ሲ ሻርፕ 4 እና ኢ4 ናቸው። ይህ ሙሉ የኤ ሜጀር ኮርድ ነው! ባሱ፣ ቴነሩ (ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ) እና አልቶው (ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ) ድምፃቸውን የሚያስቀምጡት ከታች ባለው ሰው ድምፅ ውስጥ አስቀድሞ ባለው ቦታ ላይ ነው። ሲ ሻርፑ በፒያኖ 277 ሄርትዝ ሲሆን እዚህ 275 ነው፤ ጆሮ ያለው አልቶ ሳይነገረው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገጥማል፣ ኮርዱም ይረጋል። በተቃራኒው ኦክታቪስቱ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ ወደ ታች ካወረደ ሃርሞኒኮቹ ከሌሎቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ድምፁም ይደፈርሳል። አዲስ ኦክታቪስቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ኖታው ስላላቸው ብቻ ያወጡታል።

ልጄ የላከልኝን መዝሙር በስልክ ከፍቼ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ አልሰማሁትም። እሱ ግን በጆሮ ማዳመጫ «ደረቴን አንቀጠቀጠኝ» ይላል። የምር አለ ወይስ ማጋነን ነው? (እናት፣ ከሐዋሳ)

አለ። ስልክዎ ግን አያወጣውም። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ከ300 ሄርትዝ በታች ያለውን የሚያሰማው በጣም አዳክሞ ነው፤ 55 ሄርትዝ ከናካቴው የለም። የእኛም ጆሮ ለዚህ ዓይነት ድምፅ ሰነፍ ነው። 55 ሄርትዝ ከነጭራሹ እንዲሰማ ብቻ 40 ዴሲቤል ያህል ይፈልጋል፤ በሰው ንግግር መካከለኛ ድምፆች ዘንድ ግን ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል።

ታዲያ በስልኩ «የሆነ ዝቅ ያለ ነገር» ለምን ሰሙ? ላይ የጠቀስናቸው ሃርሞኒኮች (330፣ 385፣ 440…) በስልኩ ይወጣሉ። አእምሮ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሌ 55 መሆኑን ያይና የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በገና የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። የበገና ክሮች ወፍራም የአንጀት ክሮች ናቸው፤ በክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቁራሽ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ድምፁን እንዲነዝር ታደርገዋለች። ያ መንዘር በሃርሞኒክ የተሞላ ስለሆነ ጆሮ ዝቅተኛውን ክር አጥርቶ ይይዘዋል። እንዚራዋ ብትወጣ ክሩ ያው ሆኖ ድምፁ ይደክማል። ጥሩ ኦክታቪስትም እንዲሁ ነው፤ ድምፁ ደፍኖ ከጉሮሮው በታች ከቀረ ማንም አይሰማውም፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ጠርዝ ሲኖረው ግን እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል።

የልጅዎን ጆሮ ማዳመጫ ይዋሱና ይስሙት። ጆሮን በደንብ የሚገጥም ይሁን፤ ልል ከሆነ መጀመሪያ የሚያመልጠው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው።

ይህ ድምፅ ለምን ሩሲያ ላይ በዛ? የዘር ነገር ነው ይላሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ ብርዱ ነው ይላል። (ከባሕር ዳር)

ብርዱን ይተዉት። ዘሩንም ቢሆን በጥንቃቄ ይያዙት፤ የድምፅ ውፍረት የሚወሰነው በድምፅ አውታሮች ርዝመትና ውፍረት ነው፣ ያም በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ ከሰው ሰው ይለያያል። በአዋቂ ወንድ አውታሮቹ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ቁመትም ብዙ አይነግርዎትም፤ አጭርና ቀጭን ሆኖ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ሰው አለ። ልዩነቱን ያመጣው የተፈለገበት መንገድ ነው።

የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴዋ መሣሪያ አታስገባም፤ ኦርጋንም ሆነ ከበሮ የለም። በምዕራቡ ዓለም የኦርጋኑ ወፍራም ቧንቧ የሚሠራውን ሥራ እዚያ የሚሠራ አልነበረም። እስከ 17ኛው መቶ ዘመን ድረስ ዜማው ባመዛኙ ባለ አንድ መስመር ስለነበር ይህ አላሳሰበም። ከኪየቭ በኩል በብዙ ድምፅ ማዜም ሲገባ ግን ሕንፃው መሠረት ፈለገ። በሴንት ፒተርስበርግ የቤተ መንግሥቱ መዘምራን ከዩክሬን ሳይቀር ድምፃውያን እያስመጡ ይመለምሉ ነበር። አቀናባሪው ቦርትኒያንስኪ ከ1796 እስከ 1825 ሲመራቸው ደረጃቸው ከፍ አለ፤ በ1847 የሰማቸው ፈረንሳዊው አቀናባሪ በርሊዮዝ አድናቆቱን በጽሑፍ ትቷል። በሞስኮ ደግሞ የሲኖዶሱ መዘምራን ነበሩ፤ ላይኛውን ድምፅ ሕፃናት ወንዶች፣ ታችኛውን አዋቂዎች ይዘው በ1911 ሮምንና ቪየናን ዞረዋል። በ1897 ቆጠራ 125 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በነበረው ግዛት ውስጥ ካቴድራሎች እየተሻሙ ሲፈልጉ፣ ጂ1 ያለው የገጠር ልጅ ሳይታወቅ የመቅረቱ ዕድል ያንሳል። ሌላው አገር ያው ልጅ እርሻው ላይ ይቀራል፣ ድምፁም የጎረቤት ጨዋታ ይሆናል።

ከአብዮቱ በኋላ የሲኖዶሱ መዘምራን በ1918 ፈረሱ። ከትምህርት ቤታቸው የወጣው ሰርጌይ ዣሮቭ በ1921 በቱርክ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የዶን ኮሳክ መዘምራንን አቋቁሞ ድምፁን በዓለም መድረክ አዞረው። በአገር ቤት ግን ቅዱስ ሙዚቃ ለአሥርተ ዓመታት ከኮንሰርት አዳራሽ ርቆ ቆየ። የመዘምራን መሪው አሌክሳንደር ስቬሽኒኮቭ በ1965 የሩሲያዊውን አቀናባሪ የራሕማኒኖቭን «የሙሉ ሌሊት ጸሎት» ሲቀርፅ እንኳ ሸክላው የተሸጠው ለውጭ አገር ነው። ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ቅጂ ቢጀምር እንመክራለን፤ የቀረፃ ጥራቱ ያረጀ ቢሆንም የባሶቹ ክብደት በኋላ በወጡት ብዙ ቅጂዎች ላይ አይገኝም። ብቸኛ ድምፅ ለሚፈልግ የሴንት ፒተርስበርጉ ቭላዲሚር ፓሲዩኮቭ (1944–2011) አለ።

በጀርመን አገር በአንድ የከተማ መዘምራን ውስጥ ባስ ነኝ። መሪያችን ይህንኑ የራሕማኒኖቭ ሥራ ሊያስጠናን ነው። አምስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ባሱ እስከ ቢ ፍላት 1 ይወርዳል፤ ከስድስት ባሶች ውስጥ በእርግጠኝነት ያለው አንድም ሰው የለም። ምን ይሻላል?

ራሱ የመጀመሪያው መሪ ኒኮላይ ዳኒሊንም ደንግጦ ነበር። በ1915 ሥራው ከመቅረቡ በፊት ራሕማኒኖቭ ክፍሉን በፒያኖ ሲያሰማው እንዲህ ያሉ ባሶች ከየት ይመጣሉ ብሎ ራሱን እንደነቀነቀ አቀናባሪው በኋላ አውስቷል። ሞስኮ ስለነበሩ ተገኙ። እናንተ ጀርመን ናችሁ፤ ስለዚህ በሥርዓት መሄድ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ክፍሉ አረጋዊው ስምዖን «አሁን ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» ያለው ጸሎት ነው። መዘጊያው ላይ ባሱ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይጠፋል፣ በጣም በቀስታ። ይህ «በጣም በቀስታ» ለእናንተ መልካም ዜና ነው። ዝቅ ያለ ኖታ በተፈጥሮው ትንሽ አየር ነው የሚፈልገው፤ ከሳንባ የሚመጣው ግፊት ሲጨምር አውታሮቹ ይወጠሩና ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። ጎልቶ ለመሰማት የሚታገል ባስ ቢ ፍላቱን ወደ ቢ ሲያወጣው የምትሰሙት ለዚህ ነው።

ስድስታችሁም ለየብቻ ተፈተኑ። ድምፃችሁን ካሟሟቃችሁ በኋላ፣ ግን ከመጮኻችሁ በፊት፣ ከኤፍ2 ጀምራችሁ በ«ኦ» እየወረዳችሁ ቢ ፍላት 1 ላይ አራት ሰከንድ ቆዩ። የስልክ መቃኛ መተግበሪያ 58 ሄርትዝ ማሳየት አለበት። 117 ካሳየ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ሰውየው ሳያውቀው አንድ ኦክታቭ ላይ ነው፣ ወይ መተግበሪያው ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ይዞ ተሳስቷል። በፒያኖ አጣሩ፤ መተግበሪያዎች በዚህ ክልል ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ።

አንድ ሰው እንኳ ካገኛችሁ ይበቃል። እሱ እስከ መጨረሻው ይውረድ፣ ሌሎቻችሁ ድምፃችሁ ንጹሕ እስከሆነበት ኖታ ድረስ አጅቡትና ዝም በሉ። ወደ ላይኛው ኦክታቭ አትዝለሉ፤ መስመሩ እየወረደ ስለሆነ ዝላዩ ይሰማል። ከዝምታው ይልቅ የሚያበላሸው አምስት ሰው የሚያንጎራጉረው ኖታ አልባ ጉርምርምታ ነው። ያ አንድ ሰው ደግሞ በኮንሰርቱ ቀን ከፍ ባሉና በሚጮኹ ቦታዎች ድምፁን ይቆጥብ። ለአሥር ደቂቃ ዲ4 ላይ የጮኸ ጉሮሮ ወደ 58 ሄርትዝ ለመላላት ጊዜ ይፈልጋል። ከመውረዱ በፊት የሚስበው ትንፋሽም መካከለኛ ይሁን፤ ሳንባ ሲሞላ ግፊቱ ሳይፈለግ ይመጣል። የመጨረሻው ቃል በስላቮንኛ «ኢዝራይልያ» ነው፣ መጨረሻው «ያ» መሆኑ ነው። አፍ በሰፊው ከተከፈተ ድምፁ ይሳሳል፤ ከንፈርን ጠበብ፣ መንጋጋን ላላ አድርጎ ወደ «ኦ» የሚያደላ «ያ» ይሻላል።

ማንም ከሌለ አንድ እንግዳ ዘፋኝ ለሁለት ልምምድና ለኮንሰርቱ መጥራት የተለመደ ነው። ያም ካልሆነ ክፍሉን በሙሉ አንድ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ መሣሪያ ስለሌለ የሚከለክል ነገር የለም፣ ባሱም ሲ2 ላይ ይጨርሳል። ዋጋውን የሚከፍሉት ሶሎ የሚዘምረው ቴነርና ሶፕራኖዎቹ ናቸው፤ አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። ኖታውን በሲንተሳይዘር የሚሞሉም አሉ። አንመክርም፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ወዲያው ያስታውቃል።

ብዙ መዘምራን የሚረሱት አንድ ችግር አለ። ያለ መሣሪያ ሲዘመር ድምፁ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ክፍሉ ሲጀመር ትክክል የነበረው መዘምራን ሲጨርስ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ከሆነ፣ ያ ምስኪን ባስ የሚጠበቅበት ቢ ፍላት ሳይሆን ኤ ነው። በየልምምዱ መጨረሻውን በፒያኖ መትታችሁ ለኩ። መስመጡ ካለ ጥፋቱን ባሱ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት አልቶና ቴነር ውስጥ ወደ ላይ የሚወጡ ሙሉ ድምፆችን ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቡት እነዚያ ናቸው።

19 ዓመቴ ነው። ድምፄ ወፍራም ነው ይሉኛል። ኢንተርኔት ላይ እስከ ሲ1 የሚወርዱ ልጆች አያለሁ። እኔም መሰልጠን እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር? (ከደሴ)

ወንድማችን፣ መጀመሪያ የምታያቸውን ነገሮች እንለይልህ። ሰው ከተራ ድምፁ በታች የሚወርድበት ቢያንስ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው የደረት ድምፅ ነው። አውታሮቹ ወፍረውና ላልተው በመደበኛው መንገድ ይርገበገባሉ። ኦክታቪስት የሚከበረው በዚህ ነው። ሁለተኛው «ቮካል ፍራይ» የሚባለው ነው፤ ጠዋት ስትነቃ ጉሮሮህ ውስጥ የሚንቋቋው ድምፅ። ከ70 ሄርትዝ ገደማ በታች ጆሮ እያንዳንዱን ምት ለየብቻ መስማት ይጀምራል፣ እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ተከታታይ ጠብታ። ኖታው ትክክል ከሆነና መዘምራኑ በቀስታ ከሆነ አንዳንድ ኦክታቪስቶች ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ኖታዎች ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን ኃይል የለውም፣ ከአዳራሹ ግማሽ አያልፍም። ሦስተኛው አውታሮቹን በሁለት ምት አንዴ እንዲገጥሙ በማድረግ ድምፁን በግማሽ መክፈል ነው። በቲቤት መነኮሳትና በቱቫ ዘፋኞች ዘንድ ከላይ ያሉት ሐሰተኛ አውታሮችም አብረው ይርገበገባሉ። ማይክሮፎኑን ከንፈሩ ላይ አስጠግቶ ሲ1 የሚያወጣው ልጅ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ነው። ጨዋታው አይከፋም። መዘምራን ውስጥ ግን ያለ ማይክሮፎን ትርዒቱ አንድ ሜትር አይሄድም።

ለራስህ ግን እንዲህ አድርግ። ድምፅህ ገና አልረጋም፤ ባሶች እስከ 25፣ አንዳንዶቹም እስከ 30 ዓመት ድረስ ታች ይጨምራሉ። በሳምንት አራት አምስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ደቂቃ ሳይበልጥ ሥራ። ከኤ2 ጀምረህ አምስት ኖታ በ«ኦ» ወይም ከንፈርህን ገጥመህ በ«ም» ውረድ። ከዚያ መነሻህን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግ። እንደዚያ እያልክ ድምፅህ ውስጥ አየር መቀላቀል እስኪጀምር ሂድና ያን ቀን እዚያ ላይ አቁም። በማግስቱ ከዚያው በላይ ጀምር፣ ከዚያው አትጀምር። መስታወት ፊት ቁም፤ አገጭህ ወደ ደረትህ ከገባ ወይም የምላስህ ሥር ማንቁርትህን ወደ ታች ሲገፋው ካየህ ስህተት ላይ ነህ። በምላስ የተገፋ ድምፅ ለአንተ ከውስጥ ወፍራም ይመስልሃል፣ ለሰሚው ግን ታፍኖ ነው የሚደርሰው። ራስህን ቅረፅና ስማ፤ በዚህ ጉዳይ ጆሮህ ይዋሽሃል።

በአንድ ዓመት ልምምድ ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ድምፅ ከታች ብትጨምር ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ቃል የሚገባልህን ቪዲዮ እለፈው። ጉሮሮህ ከልምምድ በኋላ ካሳከከህ ወይም ካመመህ ያን ቀን አቁም፤ መጎርነኑ ከሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ሲጋራና መጠጥ ድምፅ ያወፍራሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

ያወፍራሉ፣ በማሳበጥ። ለረጅም ጊዜ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የድምፅ አውታሮቹ ፈሳሽ ይቋጥራሉ፤ ስለከበዱ ይዘገያሉ፣ ድምፁም ይወርዳል። አብሮ የድምፁ ጥራት ይጠፋል፣ ረጅም ሐረግ መያዝ ያቅታል፣ ከፍ ያለው ክልል ይዘጋል። ጠዋት ድምፅ የሚወፍረውም ሌሊቱን አውታሮቹ በመጠኑ ስለሚያብጡና ስለሚላሉ ነው፤ እሱ ግን ምንም ጉዳት የለውም፣ ተነሥቶ ሲነጋገሩ ይሄዳል። የጠዋት ቅዳሴ ላይ ያሉ ባሶች ይህን ያውቁታል፤ የማታ ኮንሰርት ያላቸው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይተኛሉ።

የሩሲያ ዲያቆናትም ኦክታቪስቶች ናቸው? አንዱን ስሰማ መስኮቱ የሚሰበር መሰለኝ። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

አይደሉም፣ ሥራቸው ይለያያል። የሊቀ ዲያቆኑ ድምፅ ባስ ወይም ባሪቶን ሆኖ ብቻውን ቤተ ክርስቲያኑን መሙላት አለበት። ወንጌል ሲያነብ ወይም ለአባቶች «ብዙ ዓመት» ሲል ከዝቅተኛ ድምፅ ይጀምርና በየሐረጉ ግማሽ ድምፅ ያህል እየወጣ፣ ኃይሉንም እየጨመረ እስከ ጫፉ ይደርሳል። ስለዚህ ከታችም ከላይም ያስፈልገዋል። ኦክታቪስት ግን ከላይ ብዙም የለውም፣ ብቻውን መጮኽም አይጠበቅበትም። ኮንስታንቲን ሮዞቭ (1874–1923) በሞስኮ የዚህ ጥበብ ቁንጮ ነበር። ማክሲም ሚኻይሎቭ (1893–1971) ደግሞ ከሊቀ ዲያቆንነት ወጥቶ የቦልሾይ ቴአትር ባስ ሆኗል።

በእኛ ዜማ ግዕዝ የሚባለው ከባስ ጋር ይመሳሰላል? አራራይስ ከቴነር?

አይመሳሰልም። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የዜማ ስልቶች ናቸው፤ አንዱ መርጌታ ሦስቱንም ያዜማል። ባስና ቴነር በአንድ ጊዜ አብረው የሚሄዱ የተለያዩ የድምፅ ክፍሎች ናቸው። የእኛ ዜማ ባለ አንድ መስመር ስለሆነ ለኦክታቪስት ቦታም ፍላጎትም የለውም፤ ከበሮና ጸናጽልም አለው።

የመዘምራን መሪ ነኝ። በቡድናችን 30 ሰው አለ፣ ሁለት በጣም ዝቅ የሚሉ ባሶች አግኝቻለሁ። የት ላቁማቸው? ስንቀርፅስ ድምፃቸው ለምን ይጠፋል?

ቼስኖኮቭ ራሱ መሪ ስለነበር በሒሳብ አስቀምጦታል፦ ዘጠኝ ክፍል በሦስት በሦስት ሰው፣ በድምሩ 27፣ ከነዚህ ሦስቱ ኦክታቪስቶች። እርስዎ በ30 ሰው ሁለት ካለዎት በቂ ነው። ተጨማሪ ሰው አይፈልጉ፤ ሲበዙ ይደፈርሳል። ከኋላ ረድፍ መካከል ላይ፣ ከሁለተኛ ባሶች ጀርባ ያቁሟቸው፤ ድምፁ የሚጠቅመው ሌሎቹ ተቀምጠውበት ሲቃኙ ስለሆነ ሁሉም መስማት አለበት። ረጅም ኖታ ላይ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይተነፍሱ ተራ ይስጧቸው። አዳራሹ ግድግዳው ቀጭን ፕላይዉድ ወይም ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ዝቅ ያለውን ድምፅ ስለሚውጠው ወደ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ግድግዳ ያስጠጓቸው።

ቀረፃው ላይ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በማጣሪያ ነው። በሚክሰሩና በማይክሮፎኑ ላይ «ሎው ካት» የምትባለው ቁልፍ ከ80 ወይም ከ100 ሄርትዝ በታች ያለውን ትቆርጣለች። የድምፅ ባለሙያዎች ከልምድ ይጫኗታል፣ ለንግግር ትጠቅማለችና። ያጥፏት። በስልክ ከቀረፁ ጩኸት መቀነሻው ረጅሙን ዝቅ ያለ ድምፅ የጀነሬተር ጩኸት መስሎት ያጠፋዋል፤ እሱንም ይዝጉ፣ ካልተዘጋ የተለየ መቅረጫ ይዋሱ። ማይክሮፎኑን ለኦክታቪስቶቹ ለብቻ አያስጠጉ። ከመዘምራኑ ፊት ሦስት አራት ሜትር ርቀት ላይ፣ ከራስ በላይ ከፍ አድርገው ሁለት ማይክሮፎን ያቁሙ፤ አንድ ዙር ቀርፀው በጆሮ ማዳመጫ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ዋናውን ይጀምሩ።